ከዛፍ ቁጥር 418 ሥር ስለተቀበረው ስኳር ድንች

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የእውነታ ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎም የመላው ባልደረቦችዎም ጤና፣ ሰባት ቀን በጫካ ተርቦ ሁለት ኪሎ ጨምሮ እንደተመለሰው እንደ ጀግናችሁ ጤና የፋፋ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ጤና በዓይኔ አላየሁም፤ ባይ ኖሮ እሱንም እመኝልዎ ነበር፤ በምኞት ሰስቼ አላውቅም።

እኔ ከከተማው ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ ያለው የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ዘር ስዘራ፣ ችግኝ ሳዛውር፣ ዛፍ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጣቢያችንን አያውቁትም ብዬ አልሰጋም፤ ለሰባት ተከታታይ እሁዶች በየቤታችን ስታሳዩን ከርማችኋልና። እርስዎ የሚያውቁት ግን «የሰው እግር ያልረገጠው ጥቅጥቅ ጫካ» በሚለው ስሙ ነው። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ የውሃ ጎማ እየጎተትኩ እረግጠዋለሁ፤ እግሬን የሰው እግር ነው ብዬ ስገምት ኖሬ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። «ከሞት ጋር ሰባት ቀን» የተባለው ዝግጅታችሁ አንድ ሰው ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ረዳት ዱር ውስጥ ተጥሎ በራሱ ብልሃት ሲተርፍ የሚያሳይ ነው። በዝግጅቱ አምስተኛ ክፍል ጀግናው ቅጠሏ ልብ የምትመስል አንዲት ሐረግ ሥር ቆፍሮ፣ ነጭ ሥር አውጥቶ፣ ገምጦ፣ እያላመጠ ወደ ካሜራው ዞሮ «ይህችን ሐረግ ያወቀ ሰው በረሃብ አይሞትም» ብሎ አስተማረን። የእህቴ ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት፣ ያችኑ ሐረግ አግኝታ ሥሯን ቀመሰች፤ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ትምህርት ቤቷ «ያልተረጋገጠ ነገር በተማሪዎች ፊት በተግባር አሳይታለች» ብሎ ከሰሳት። እሷ በቴሌቪዥን ያየሁትን ነው አለች። ትምህርት ቤቱ ጣቢያችሁን በደብዳቤ ጠየቀ፤ ጣቢያችሁ ወደ እርስዎ መራው፤ እርስዎም አጣሩ። አጣርተውም «ትዕይንቱ ያልተቀነባበረ፣ እንደተቀረጸ የቀረበ እውነት መሆኑን አረጋግጠናል፤ መምህርቷ የተሳሳተ ተክል ነቅለው ሊሆን ይችላል» ብለው በአረንጓዴ ማኅተም አትመው መለሱ። በዚያ ወረቀት መነሻነት የዲሲፕሊን ኮሚቴው በመጪው ሰኞ ተሰብስቦ ከሥራዋ ትባረር አትባረር ይወስናል።

በየሳምንቱ ክፍልዎ የሌላውን ወሬ እያነሳ አንዱን በቀይ «ሐሰት»፣ ሌላውን በአረንጓዴ «እውነት» እያለ ሲያትም በአድናቆት አፋቸውን ከፍተው ከሚያዩት አንዱ ነበርኩ። ጎረቤቴ ከስልኳ ያነበበችውን «ነጭ ሽንኩርት በጆሮ መክተት ራስ ምታት ያድናል» የሚል ወሬ ልትሞክር ሽንኩርቱን ልጣ ከጨረሰች በኋላ ያስጣላት የእርስዎ ቀይ ማኅተም ነው። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ሽሙጥ የቀረበች ምስጋና እሷ ብቻ ናትና ከሌሎቹ ጋር እንዳትደባለቅብዎ ለብቻዋ ያስቀምጧት። ሌሎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ አጣራር ዘዴዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደብዳቤዎ እንደሚያስረዳው እውነቱ ላይ የደረሳችሁት በሦስት መንገድ ነው፤ ዝግጅቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ተመልክታችኋል፣ ጀግናውን ራሱን ጠይቃችሁ «እውነት ነው» ብሏችኋል፣ ከሌላ ተመልካችም ቅሬታ እንዳልቀረበ አረጋግጣችኋል። እኔ አንድ ችግኝ ታሟል አልታመመም ለማለት ቅጠሉን እገለብጣለሁ፣ ሥሩን አወጣለሁ፣ አፈሩን በእጄ አፍሼ አሸታለሁ። ችግኙን «አሞሃል ወይ?» ብዬ ጠይቄ፣ «ኧረ ደህና ነኝ» ሲለኝ በአረንጓዴ አትሜለት አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ጎንበስ ቀና ስል ኖሬያለሁ ማለት ነው። ወገቤን የሚያመኝም ለዚሁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ጣቢያዬን ስላከበራችሁት አመሰግናለሁ። እርስዎ ሦስት ጊዜ ያዩትን እኔ አንድ ጊዜ፣ ግን ከበስተኋላው ሆኜ ስላየሁት፣ ለመዝገብዎ የሚጠቅም ከሆነ ጥቂት ነገር ልጨምር። ጀግናው በጥፍሩ ቧጥጦ የወጣው፣ «አንድ ስህተት ብሠራ አበቃልኝ» ያለበት ገደል የእኛ የኮምፖስት ክምር ነው፤ ላዩ ላይ ሸራ አልብሳችሁ አፈር በትናችሁበታል። ቁመቱ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል፤ ቢወድቅ ኖሮ የሚወድቀው ለስላሳና ሞቃት ነገር ላይ ነበር፣ ሽታውን ግን አልክድም። አዞ አለበት የተባለው ወንዝ የችግኝ ማጠጫ ገንዳችን ነው። ውስጡ ያለው ትልቁ አውሬ እንቁራሪት ነው። ጀግናውን ሌሊት ሲከታተለው ያደረው ነብር ዱካ ደግሞ የቀረጻ ቡድናችሁ የቁሳቁስ ኃላፊ ከጀሶ የሠራችው አንድ ማኅተም ነው፤ አንድ ብቻ ስለሠራች አራቱም እግሩ ቀኝ የሆነ ነብር ጭቃው ላይ ሲንጎራደድ አድሯል። ይህን ሦስት ጊዜ አይቶ ያላየ ዓይን እግዜር ይጠብቀው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ዛፎቻችንም አሉ። እያንዳንዱ ዛፋችን በደረት ከፍታ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ቁጥር ተመቶበታል፤ የመታሁት እኔ ነኝ። ቀራጮቻችሁ ቁጥሮቹን በጭቃ ለቅልቀው ነበር፤ ጭቃውን ግን በእኔው ጎማ ያዘነባችሁት «የሦስተኛው ቀን ዶፍ» አጠበው። በዚህ ምክንያት ጀግናው በመጀመሪያው ቀን ተደግፎት ያለቀሰው ዛፍ፣ በሦስተኛው ቀን መብረቅ ፈርቶ የተጠለለበት ዛፍ፣ ስድሳ ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ በአምስተኛው ቀን ምግብ ያገኘበት ዛፍ ሁሉም ቁጥር 418 ናቸው። ሰውዬው ስድሳ ኪሎ ሜትር የተጓዘው አንድ ዛፍ እየዞረ ከሆነ እውነትም ጀግና ነው፤ እኔ ብሆን ያዞረኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ ከላካችሁት ደብዳቤ ጋር «ከቀረጻው ቦታ የተወሰደ ማስረጃ» ብላችሁ ፎቶ ስላያያዛችሁ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ጀግናው ሥሩን ወደ ላይ አንስቶ ይታያል። ከትከሻው በላይ 418 የሚለው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከዛፉ ጀርባ ደግሞ የአንድ ሰው ክርንና የመኮትኮቻ እጀታ አለ። ክርኑ የእኔ ነው። ለእህቴ ልጅ ጥፋተኝነት በማስረጃነት መቅረቤን ያወቅሁት ኮሚቴው ፎቶውን ሲያሳያት ነው፤ የአጎቷን ሸሚዝ ለይታ አወቀችው።

አራተኛው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ የሚገባ በመሆኑ ትንሽ ረዘም ይላል። ይታገሡኝ።

ሐረጓ ከ418 ሥር የበቀለችው በራሷ ጊዜ ነው። ልነቅላት አስቤ ስንፍና ይዞኝ የተውኳት አረም ናት። ዳይሬክተራችሁ ቅጠሏን አይቶ «ይቺ ለካሜራ ታምራለች» አለ። እኔ ደግሞ ነገርኩት፤ ሥሯ መርዝ ነው፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሠራተኞቼ እንኳ ያለ ጓንት አይነኳትም ብዬ ነገርኩት። እሱም ሳቅ ብሎ «አባ፣ እና ማን ይበላዋል ብለህ ነው? ለፊልም እኮ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ልናገር አፌን ስከፍት ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ፤ እኔም አፌን ዘጋሁት። እውነተኛውን ሥር በጓንት አወጣሁ። በቦታው የቁሳቁስ ኃላፊዋ ከቤቷ ቀቅላና ልጣ ያመጣችውን ስኳር ድንች በገዛ እጄ ቀበርኩ፣ አፈር መለስኩበት፣ የሐረጓን ግንድ አስተካክዬ ከላዩ ሰካሁበት። የሃያ ስድስት ዓመት ሙያዬን ተጠቅሜ ነው የሰካሁት፤ አዲስ የተነካ እንዳይመስል። ሥራው አምሮ ነበር። ጀግናው ቆፍሮ ሲያወጣው ሁላችንም በመደነቅ አጨበጨብን። ድምፁን በኋላ ቆርጣችሁ አውጥታችኋል።

በጣቢያችን ደንብ ማናቸውም ነገር ወደ አፈር ሲገባም ከአፈር ሲወጣም ይመዘገባል፤ ግንድ ይሁን ሣር ልዩነት የለውም። ደንብ ደንብ ነውና የዚያን ቀን መዝገቤን አውጥቼ ጻፍኩ፦ «ቦታ፦ ከዛፍ ቁጥር 418 ሥር። የወጣ፦ የሐረግ ሥር፣ መርዛማ፣ አንድ። የገባ፦ ስኳር ድንች፣ የተቀቀለና የተላጠ፣ አንድ። ይበቅላል ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ፦ አይበቅልም። ምክንያት፦ ለቀረጻ።» ከዚያም የቁሳቁስ ኃላፊዋን ፈርሚ አልኳት። «ጋሼ ሙት፣ ለድንችም መዝገብ አላችሁ?» ብላ እየሳቀች ፈረመች። ፊርማዋ ያምራል። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ይጠይቁኝ ይሆናል፤ ባይጠይቁኝም ራሴን ስጠይቀው እውላለሁ። ምስጢር ጠባቂነት የሚባል ወረቀት አስፈርማችሁኝ ነበር፤ ግን እሱን ሰበብ አላደርገውም። ዝም ያልኩት ስለጣመኝ ነው። አንድ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ኖሮ ድንገት ዛፎቹ በቴሌቪዥን ሊታዩ ነው ሲሉት እንደ ሕፃን ይሆናል። ዘመድ ሁሉ ጋ ደወልኩ። ለእህቴም ልጅ ደወልኩላት፤ «እሁድ ቴሌቪዥን ክፈቺ፣ ዛፎቼን ታያለሽ» አልኳት። ስለ ድንቹ አልነገርኳትም። ሁሉም ሲደነቅ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር በሆዴ ይዤ ፈገግ ማለቱ ደስ አለኝ። ያቺን ፈገግታዬን ባሰብኳት ቁጥር ያንገሸግሸኛል፤ ፊቴን በመስታወት ሳይ ራሴን እጸየፈዋለሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ስጸየፋችሁ ከላይ ሆኜ ቁልቁል እየተመለከትኩ አይደለም፤ እዚያው ጭቃ ውስጥ አጠገባችሁ ቆሜ ነው።

አምስተኛ፣ የእህቴን ልጅ «የተሳሳተ ተክል ነቅለው ሊሆን ይችላል» በማለት አንቱ ብላችሁ ስለጠራችኋት አመሰግናለሁ። ይህን ያህል በአክብሮት የተፈጸመባት በደል የለም። የነቀለችውን ተክል ሄጄ አይቼዋለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጅረት ዳር፣ ልብ የምትመስል ቅጠል ያላት፣ ያችው ሐረግ ናት። የእህቴ ልጅ የተሳሳተ ተክል አልነቀለችም። እሷ ትክክለኛውን ነው የነቀለችው፤ የተሳሳተው የእኛ ድንች ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የተፈጥሮ ክበቧን ተማሪዎች፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች፣ ይዛ ጅረቱ ዳር ወጣች። ልጆቹ ሐረጓን ከሩቅ አይተው «ቲቸር! ቲቸር! የጀግናው ምግብ!» እያሉ ሮጡ፤ ከመድረሷ በፊት ሁለቱ በእንጨት መቆፈር ጀምረው ነበር። እጃቸውን ያዘች። «እኔ ሳልቀምሰው ማንም እንዳይነካ፤ ቀምሼም አንድ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ሳይንስ እንደዚያ ነው» አለቻቸው። የአውራ ጣቷን ጥፍር የምታህል ቆርጣ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ዋጠቻት። ልጆቹ በተርታ ቁጭ ብለው የእጅ ሰዓቷን እያዩ ይጠብቁ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ። የሚያልፍ የጭነት መኪና አስቁመው ሾፌሩን እያለቀሱ የጎተቱት ልጆቹ ናቸው።

የቀመሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያች አንዷ መምህርቷ በመሆኗ ነው ዛሬ በአንድ ሰው ሥራ የምንከራከረው፤ አለዚያ በአሥራ ዘጠኝ ትንንሽ ሳጥኖች ፊት እንቆም ነበር። ጀግናችሁ ሥሩን ሲገምጥ «ጥቂት ቅመሱና ጠብቁ» አላለም፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች የሚጠብቁበት ምክንያት ስለሌለ ይሆናል። ያን የጨመረችው እሷ ናት። እናንተ ያላጣራችሁትን ያጣራች እሷ ናት፤ ያውም በገዛ ጉሮሮዋ። ለእርስዎ ወንበር የሚገባ ሰው አንድ እንኳ ካለ ከሕንፃችሁ ውጭ ነው ያለው፤ ሰኞ ሊባረር ነው።

ድምፅዋ አልተመለሰም። ሐኪሙ «ጊዜ ይወስዳል» ከማለት ሌላ ቃል አይሰጥም። አሁን የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ስልሳ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ሹክሹክታ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ያጣሩት። ሆስፒታል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ድንቹ የነገርኳት ቀን እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። «ጋሼ» አለችኝ በዚያች በተሰበረች ድምፅ፣ «ልጆቹ ቀድመውኝ ቢደርሱስ ኖሮ?» እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበርና ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አትመልስም። እውነት አላት።

ስድስተኛ፣ ጣቢያችሁ ድረስ በአካል መጥቼ በነበረ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። መዝገቤን ብብቴ ሥር ይዤ በመጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ፣ የዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ገባሁ። አንዲት ጨዋ ልጅ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ነገሬን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማችኝና በትሕትና «አባባ፣ ይሄ እኮ መዝናኛ ነው፤ ማንም እውነት ነው ብሎ አያየውም» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ይህንኑ በወረቀት ጻፊልኝ ስላት ለመጻፍ ሥልጣን ያለው አራተኛ ፎቅ፣ የእርስዎ ክፍል መሆኑን ነገረችኝ። ደረጃውን ወጣሁ። በአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ «እውነት ከሁሉ በፊት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ምንጩ የጎበጠ ሶፋ አለ። እዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ወጣት ባልደረባዎ ብቅ ብሎ «አባት፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እውነት መሆኑ ስለተረጋገጠ ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያው ድንች በሦስተኛው ፎቅ መዝናኛ፣ በአራተኛው ፎቅ እውነት ነው። መካከሉ አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፤ ወገቤን ይዤ ስለወጣሁት ቁጥሩን አልሳሳትም። ለመዝገቤ ቅጂ ግን ዓይኑን እንኳ ጣል አላደረገበትም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተመልሶ በሩን ዘጋ።

ሰባተኛ ምስጋናም ነበረችኝ። ጽፌ ሳነባት ለአደባባይ የማትሆን ሆና ስላገኘኋት ሰርዣታለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ብዙ አልጠይቅም። ጀግናችሁን ይቅርታ አስጠይቁ አልልም፤ ይቅርታውንም ሦስት ጊዜ ቀርጻችሁ ከበስተኋላው ሙዚቃ እንደምትጨምሩበት ስለማውቅ ይቅርብኝ። ዝግጅቱ በመጪው ወር በድጋሚ ሊተላለፍ መሆኑን ማስታወቂያችሁ ሲነግረን ሰንብቷል፤ እሱን አታስተላልፉ ብዬ ብለምን የማትሰሙኝ መሆኑን አላጣሁትም፤ ቢሆንም እለምናለሁ፤ ጅረት በየሰፈሩ አለ፣ ልጅም በየሰፈሩ አለ። ከሁሉ በፊት ግን ከሰኞ አስቀድሞ ለኮሚቴው የምትሄድ አንድ መስመር እፈልጋለሁ፦ «በአምስተኛው ክፍል የታየው ሥር የሐረጓ ሥር አልነበረም።» በቃ። ድንች የሚለውን ቃል መጻፍ ክብራችሁን የሚነካ ከሆነ ድንች አትበሉት። መምህርቷ በዚያች አንድ መስመር ሥራዋን ታተርፋለች፤ እናንተ የምታጡት አንድ አረንጓዴ ማኅተም ነው።

ይህን በመጻፌ የምስጢር ጠባቂነት ውሉን መጣሴን አውቃለሁ። ልትከሱኝ ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ክሰሱኝ። በእናንተ ሕንፃ በየትኛውም ፎቅ ያጣሁትን፣ ስለ ድንቹ በመሐላ የምናገርበትን ወንበር፣ ፍርድ ቤት በነፃ ይሰጠኛል። መከላከያ ምስክሬ መዝገቡ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ እኔ ትከሻውን ቸብ ቢያደርጉት አፉን አይዘጋም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሶፋው፣ ለደረጃው፣ ይልቁንም ለአንቱታው ያለኝን ምስጋና እንደገና እየገለጽኩ፣ ክፍልዎ የሌላውን ሐሰት ለማየት ያለው ዓይን በገዛ ደጁም እንዲበራለት ከልብ እመኛለሁ። የሆድዎም የኅሊናዎም ጤና ይጠበቅ፤ ሁለተኛው የሚገኝበትን ፎቅ ሳላውቅ በመመለሴ አዝናለሁ።

አክባሪዎ፣
ድንቹን የቀበረው፣
የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ከመዝገቡ ቅጂ ጋር፤
ለአሥራ ዘጠኙ ተማሪዎች ወላጆች፣ እንዲያውቁት፤
ለታላቅ እህቴ፣ ብታነበው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ ካርቶን ልኬልዎታለሁ። ሐረጓ ከቀረው ሥሯ እንደገና አቆጥቁጣ ስለነበር ዛሬ ጠዋት በጓንት ነቅዬያታለሁ፤ የተሳሳተ ተክል እንዳይባል ከነቅጠሏ፣ ታጥባና በላስቲክ ታሽጋ ካርቶኑ ውስጥ አለች። ክፍልዎ የምትበላ መሆኗን አጣርቶ ያረጋገጠላት እሷው ናት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ካርቶኑን ስትረከብ «ይሄ ይበላል ወይስ አይበላም?» ብላ ብትጠይቅዎ መልሱን በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ይስጧት፤ ከሁለቱ የፈለጉትን ይጻፉ፣ ሰኞ ለኮሚቴው ይዤው እቀርባለሁ። እስከዚያው ግን፣ እባክዎ አይብሉት። አዩ፣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር።